በሩን ማን ይክፈተው?

ባለፈው ክረምት ከመገናኛ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ልሄድ በስልክ ሜትር ታክሲ ጠራሁ። ዝናቡ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀመጥኩ። ደረስን፤ ሂሳቤን ከፈልኩና እጀታውን ሳብኩ። በሩ እምቢ አለ። መልሼ ሳብኩት፤ እምቢ። የቁልፉን ጉጥ አንስቼ ሳብኩት፤ አሁንም እምቢ። ሹፌሩ በስፖኪዮው አየኝና “ጋሼ፣ ቆይ እኔ ልክፈትልዎ” ብሎ ወረደ። ዞሮ መጣና ከውጭ ከፈተልኝ። ዝናብ ሽሽት በረንዳ ስር የቆመ አንድ ጎረምሳ አፍጥጦ ያየን ነበር። ምናልባት ሚኒስትር መስዬው ይሆናል። እኔ ግን የተሰማኝ ሚኒስትርነት አልነበረም።

“ምን ሆኖ ነው?” አልኩት።

“ቻይልድ ሎክ ነው ጋሼ። ጠዋት ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። እየሄድኩ እንዳይከፍቱብኝ ብዬ ዘግቼው ሳልመልሰው ቀረሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

ይቅርታ አደረግሁለት። ነገርየው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንባቢ መኪና ካለው የኋላውን በር ከፍቶ ጠርዙን ይመልከት። ከመቆለፊያው ብረት አጠገብ የጥፍር ያህል የምታክል ማንሻ አለች። ወደ አንዱ ጎን ስትገፋ በሩ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። በሩ ሲዘጋ ማንሻዋ አትታይም። ስለዚህ ውስጥ የተቀመጠው ሰው መቆለፉን የሚያውቀው እጀታውን ስቦ እምቢ ሲለው ብቻ ነው። ለሰውየው ልጆች ጠባቂ መልአክ የሆነችው ማንሻ ለእኔ ለግማሽ ደቂቃም ቢሆን የወህኒ በር ሆነችብኝ። ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ በዚህ ከተማ የመኪናን በር ማን ሲከፍተው፣ ማን ሲዘጋው ኖረ እያልኩ ሳሰላስል አመሸሁ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ የሚያስበው እንዲህ ያለውን ነው፤ ምን ይደረግ።

ከቃሉ ልነሳ፤ የድሮ ልማዴ ነው። መኪና ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። ጎማም እንዲሁ። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ስፖኪዮ፣ ጋቢና፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጋራዥ ቆሞ መካኒኮቻችን ሲነጋገሩ የሰማ የሮም ሰው ወሬያቸው ባይገባው እንኳ ምኑ እንደተበላሸ ይገባዋል። በርና መስኮት ግን የራሳችን ናቸው። ኖኅ ቁራውን የላከው በመስኮት ነው። ባዕድ ዕቃ ባዕድ ስሙን ይዞ ሲመጣ ባዕድነቱን አውቀን እንጠነቀቀዋለን። ስለ ፍሬን መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ተምረናል። በርና መስኮት ግን የቤት ዕቃ ስለሆኑ ማንም አላስተማረንም፤ እኛም አስተምሩን አላልንም። በር ያው በር ነው ተባለ።

አይደለም እንጂ። የቤት በር ዋና ሥራው አንድ ነው፤ የውጭውን ሰው ውጭ ማስቀረት። የመኪና በር ግን እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ሥራዎች አሉት። መኪናው ሲሄድ ውስጥ ያለውን ሰው አጥብቆ መያዝ አለበት፤ መኪናው ሲቆም ወይም ሲጋጭ ደግሞ ወዲያው መልቀቅ አለበት። መያዝ ሲገባው የለቀቀ በር ይገድላል፤ መልቀቅ ሲገባው የያዘም እንዲሁ።

በር ላይ ስለመቆም ከሆነ ግን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ደጃዝማች ማለት የደጅ አዝማች ነው። እልፍኝ አስከልካይ ሥራውን በስሙ ይናገራል። አጋፋሪም ቢሆን በር ላይ ቆሞ አንዱን የሚያስገባ፣ ሌላውን የሚመልስ ሹም ነበር። ደጅ ጥናት የሚባል የኑሮ ዘዴም ነበረን። (“ነበረን” ስል ከልቤ አይደለም።) በዚህ ሥርዓት ትልቅ ሰው በር አይከፍትም፤ ይከፈትለታል።

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና በበረሃና በአቀበት እየነዳና እያስጎተተ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። መኪናይቱ በዘመኑ እንደነበሩት ብዙ መኪኖች ላይዋም ጎኗም ክፍት ነበር። የሚዘጋ መስኮት የለም፣ የሚቆለፍ በር የለም። ንጉሡ ቢቀመጡባት ሕዝቡ ያያቸዋል፤ እሳቸውም ሕዝቡን ያያሉ። አቧራውና ብርዱ ለሁሉም እኩል ነው። የተዘጉት መኪኖች የመጡት በኋላ ነው፤ አደግድጎ በር የሚከፍተውም ሰው አብሮ መጣ። አጋፋሪው ከእልፍኝ ደጃፍ ወደ መኪና ደጃፍ ተዛወረ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚመስጠኝ ግን አንድ የመኪና በር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ይህን የማያውቅ የለም። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት የመኪናዋን ትንሽነት ነው። እኔ ግን የበሩን ነገር አስባለሁ። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የራሱ በር የለውም። የፊቱ ወንበር ይታጠፍለታል፣ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ወንበሩ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የፊተኛው ካልፈቀደ መውጫ የለም። ከዘውዱ ጀምሮ እንኳ ብንቆጥር አርባ አራት ዓመት በር ሲከፈትላቸው የኖሩ ሰው፣ በመጨረሻ የተቀመጡት በር በሌለው ወንበር ላይ ነበር። ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር እስኪደርሱ ድረስ ምን እንዳሰቡ እግዚአብሔር ይወቀው። እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ።

የእኔ ትውልድ የመኪናን በር ያወቀው በሰይቼንቶ ነው። ሰይቼንቶ ማለት ፊያት 600 ናት፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የከተማይቱ ታክሲ የነበረችው። ፋብሪካው ይህችን መኪና መሥራት ከጀመረበት ከ1955 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ በሯ የሚከፈተው ወደ ኋላ ነበር። ማጠፊያው ከኋላ ነው፣ እጀታው ከፊት። ቁጭ ብድግ ለሚያስቸግራቸው ሽማግሌዎችና ረጅም ቀሚስ ለለበሱ እናቶች እንደዚያ ያለ የሚመች በር አልነበረም። ጉዱ የሚመጣው መኪናዋ እየሄደች በሩ ከተላቀቀ ነው። የዛሬው በር በጉዞ ላይ ቢላቀቅ ንፋሱ መልሶ ይገፋዋል። የዚያችን በር ግን ንፋሱ ይዞት ይሄዳል፤ በሩን የያዘውን ሰው ጨምሮ። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን በር “የራስ ማጥፊያ በር” የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ከካዛንቺስ ወደ ቦሌ፣ ቦሌ ገና የባለ ግቢዎች ሰፈር ሳለ፣ ዘመድ ጥየቃ በሰይቼንቶ ስንሄድ እናቴ ጋቢና ትቀመጣለች፤ እኔ ጭኗ ላይ። ሹፌሩ መኪናዋን ከማንቀሳቀሱ በፊት “እትዬ፣ በሩን ያዝ አድርጊልኝ” ይላል። መቆለፊያው አርጅቷል። እናቴ በግራ እጇ እኔን፣ በቀኝ እጇ በሩን ይዛ፣ ከንፈሯ ጸሎት እያለ እንደርሳለን። ያኔ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ዛሬ ሳስበው እናቴ በዚያ መንገድ ላይ የመኪናዋ አንድ ክፍል ነበረች፤ የበሩ መቆለፊያ።

እኛ በሩን በእጅ ይዘን ከመሄዳችን ብዙ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ውስጥ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግጭት ጊዜ ሰው እንዴት እንደሚሞት ሲያጠኑ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው የሚያምነው፣ ሲጋጩ ከመኪናው ተወርውሮ መውጣት ይሻላል የሚለውን ነበር። ጥናቱ የተገላቢጦሹን አሳየ። በሩ ተበርግዶ ከመኪና የተወረወረው ሰው ውስጥ ከቀረው ይልቅ የመሞት ዕድሉ ብዙ እጥፍ ነው። ፎርድ በ1956 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ በግጭት ጊዜ የማይበረገድ የበር መቆለፊያ አስገባ። ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች መንቀሳቀስ ሲጀምሩ በራቸው “ቀጭ” ብሎ በራሱ የሚቆለፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌባ መከልከሉ ትርፍ ነው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ቁልፉ በራሱ ይከፈታል። እኛ ዘንድ ግን ያ የድሮው እምነት ዛሬም ለቅሶ ቤት ይሰማል፤ “እሱማ በበሩ ተወርውሮ ነው የተረፈው” ይባላል። የተረፈው አንዱ ይወራለታል። ተወርውረው ያልተረፉት አያወሩም።

ስለ ላዳ ብዙ አልልም፤ ፍቅራችን ረጅም ነበር፤ ጉድለቷን ማውራት ነውር ይሆንብኛል። መስኮት ማዞሪያዋ ጠፍቶ ሹፌሩ ያለችውን አንዲት ማዞሪያ ከኪሱ አውጥቶ “ሲጨርሱ ይመልሱልኛል” ብሎ እንደ መጽሐፍ ቤት መጽሐፍ ያውሳል። የኋላው በርም ከውስጥ ካልተከፈተ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጅን አውጥቶ ከውጭ መክፈት ነው። ቻይልድ ሎክ ሳይሆን እርጅና ሎክ።

ሚኒባስ ሲመጣ አጋፋሪው ተመለሰ፤ አሁን ስሙ ወያላ ነው። ተንሸራታቹ በር የሱ ግዛት ነው። ተሳፋሪ እንዳይነካው ተብሎ ተጽፎ ይለጠፋል። ማን እንደሚገባ፣ ማን ሦስተኛ ሆኖ እንደሚጠጋ የሚወስነው እሱ ነው። “ወራጅ አለ!” ሲባል መኪናው ሳይቆም በሩን ይከፍታል። አንዳንዱ በሩን እንደከፈተ ግማሽ አካሉን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ይሄዳል። የኮርኔል ሰዎች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ ከሚኒባስ በቀኝ በኩል ስንወርድ ከኋላ የሚመጣውን ሞተር ሳይክል አይቶ “ቆይ እናቴ!” ብሎ በክንዱ የሚያግድ ወያላ አይቻለሁ። ቤት መኪና ውስጥ ይህን የሚያደርግልን የለም። ቦሌና መገናኛ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ወደ እግረኛው በኩል ነው ብለን ሳናይ የምንበረግደው በር ብስክሌተኛ ይጠብቀዋል። የሆላንድ ሰዎች ልጆቻቸውን በሩን በሩቁ እጃቸው እንዲከፍቱ ያስተምራሉ አሉ፤ ከቀኝ በር በግራ እጅ። እጅ ሲዞር ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር ዓይን ወደ ኋላ ያያል። ሞክሬዋለሁ፤ ትሠራለች።

መስኮቱ ግን የወያላ ሳይሆን የሕዝብ ነው፤ ስለዚህም የጠብ ምንጭ ነው። ከአያት እስከ መገናኛ በተጓዝኩባቸው ዓመታት ስንት የፖለቲካ ክርክር በዝምታ ታልፎ ስለ መስኮት ግን ሰው ሲፋጠጥ አይቻለሁ። “ዝጉልን፣ ብርድ ገባ!” ይላሉ እማማ ከኋላ። “አየር እንፈልጋለን” ይላል ተማሪው። እማማ ያሸንፋሉ። ንፋስ ይመታል፣ ምች ይይዛል፣ ፊት ያጣምማል፤ ይህን የሚጠራጠር ልጅ የት አባቱ ተምሮ ነው! እኔም እናቴ የነገረችኝን አምኜ መስኮት ስዘጋ ኖሬአለሁ። በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ ግን ከንፋስ የከፋ ነገር አለ። ሳንባ ነቀርሳ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ የሚወደውም እንዲህ ያለውን የታመቀ አየር ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ ታክሲዎች ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ፤ መስኮትም ይከፈት ተባለ። ለጥቂት ወራት በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር ሆነ፤ እማማ ራሳቸው “ክፈቱት እንጂ ልጆቼ!” አሉ። በሽታው ሲረሳ መስኮቱም ተዘጋ።

በ1990ዎቹ የቀለበት መንገዱ ተሠራ፤ ቀጥሎም ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት እያለ ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ ቤት መኪና በዛ። አብዛኛው ሌላ ሀገር ያገለገለ ነው። አሁን የምነግራችሁ የዚያን ጊዜ ነገር ነው፤ እንዲያውም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእሷ ስል ነው ብል ይቀለኛል።

ታናሽ እህቴ ገርጂ ነበር የምትኖረው። በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያ መኪናዋን ገዛች። መሪዋ በቀኝ ሆኖ የተሠራች፣ ዱባይ ላይ ወደ ግራ የተዛወረላት መኪና ነበረች። መሪውን ያዛወሩት ሰዎች መሪውንና መርገጫውን ሲያዛውሩ የሹፌሩን የመስኮት ስዊቾች ግን ቀኝ በር ላይ ረስተዋቸዋል። በሌላ አነጋገር፣ መኪናዋን የምትነዳው እህቴ ስትሆን አራቱን መስኮቶች የሚያዝዘው ጋቢና የተቀመጠው ሰው ነው። ይህን እንደ ቀልድ ስንሳሳቅበት ከርመናል።

አንድ እሑድ ምሳ በልተን ሊሄዱ ሲሉ ከግቢው በር ላይ ቆሜ እሸኛቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት የእህቴ ልጅ ጋቢና አክስቷ ጭን ላይ ነበረች። እኔን ልትሰናበት ብድግ አለችና ጉልበቷን በሩ ላይ፣ ልክ ስዊቾቹ ያሉበት ቦታ ላይ አሳረፈች፤ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ “ቻው ጋሼ!” ማለት ጀመረች። ስዊቾቹ ሲጫኗቸው የሚሠሩ ዓይነት ናቸው፤ ጉልበቷ የተጫነው ደግሞ የማስነሻውን ጎን ነው። መስታወቱ ሲነሳ አየሁት። ድምፅ የለውም። አገጯ ስር ደርሶ ያዛት። እኔ ያደረግሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መስታወቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ታች መጫን። የኤሌክትሪክ ሞተርን ከሥነ ጽሑፍ መምህር እጅ ጋር ማታገል። እህቴ በግራ በሯ ላይ ስዊች ትፈልጋለች፤ የለም። አክስትየዋ ልጅቷን ወደ ውስጥ ትጎትታለች፤ ጉልበቷ ይበልጥ ይጫናል።

ከማዶ ጫማ ሲጠርግ የነበረ ሊስትሮ ሮጦ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔን ገፍቶ ሁለት እጁን በመስኮቱ ክፍተት አስገባና ልጅቷን ብብቷ ስር ይዞ ወደ ላይ አነሳት። ጉልበቷ ከስዊቹ ላይ ተነሳ። መስታወቱ ቆመ። “አውርጂው አውርጂው!” አላት አክስትየዋን፤ መስታወቱ ወረደ። አለቀ። በአገጯ ስር ለሳምንት የቆየ ቀይ መስመር ብቻ ቀረ። ልጁን እንዴት እንዳወቀ ብጠይቀው “ጉልበቷን አየሁት” አለኝ። እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ያየነው አንገቷን ብቻ ነበር።

ያን ማታ ስዊቾቹን በባትሪ መብራት ሳገላብጣቸው ከአራቱ አጠገብ አንዲት አምስተኛ ስዊች አገኘሁ፤ የተሻገረች መስኮት የተሳለባት። ስትጫን የሌሎቹን በሮች ስዊች ሁሉ ታጠፋለች። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ እዚያው ነበረች። እርግጥ ለዚያች መኪና ሙሉ መድኃኒት አትሆንም፤ ዋናዎቹ ስዊቾች ያሉት ልጅቷ ከተቀመጠችበት በር ላይ ነውና። እህቴ በማግሥቱ መካኒክ ፈልጋ ስዊቾቹን ወደ ግራ አዛወረቻቸው። ልጅቷም ከዚያ ቀን ወዲህ ጋቢና አልተቀመጠችም።

በኋላ ሳነብ እንዲህ ያለው አደጋ በእኛ እንዳልተጀመረ ተረዳሁ። አሜሪካኖች ብዙ ልጆች ካለቁባቸው በኋላ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መስታወት የሚያስነሳ ስዊች በጣት ወደ ላይ የሚሳብ እንጂ የሚጫኑት እንዳይሆን በሕግ ወሰኑ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሕፃን ጉልበት መጫን እንጂ መሳብ አይችልም። አንዳንድ መኪና መስታወቱ የሆነ ነገር ሲነካው በራሱ ይመለሳል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ግን ይህ ያለው የሹፌሩ መስኮት ላይ ብቻ ነው፤ ወይም ጭራሹን የለም። በእጅ ሳይሆን በጥቅል ሶፍት ወይም በካሮት መሞከር ነው። በእጁ የሞከረ ጓደኛ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም።

ልጅን መኪና ውስጥ ቆልፎ “አሁን መጣሁ” ማለትም አለ። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት እንላለን። አሜሪካኖች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት አንድ ጥናት ውጭው 22 ዲግሪ ገደማ በሆነበት ፀሐያማ ቀን፣ የቦሌ የጥቅምት ቀን በሉት፣ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ45 ዲግሪ በላይ ገብቷል። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ጣት በሚያሾልክ ያህል ከፈት ማድረግ ምንም ያህል ለውጥ አላመጣም። ሱፐርማርኬት ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት በቦሌ ምንም አይደለም፤ ወረፋው ብቻውን ይበላዋል።

ይህን ሁሉ የሰሙ አንድ ወዳጄ “ታዲያ ከሌባው እንዴት እንሁን?” አሉኝ። እውነት ነው፤ እኛ ስለ መኪና ቁልፍ ስናስብ የሚታየን ሌባ ነው። መብራት ላይ ቆመው ስልክ ሲያወሩ በተከፈተው መስኮት እጅ ይገባል፤ ስልኩ የለም። ወይም አንዱ ጎማዎ ተነፈሰ ብሎ በጣቱ ያሳያል፤ እርስዎ ሊያዩ ሲወርዱ ሌላው በወዲያኛው በር ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በሩ ይቆለፍ፣ መስኮቱ ከጆሮ በላይ ይነሳ፣ ቦርሳ ከወንበር ላይ ይነሳ፣ ሲወርዱም ቁልፉን ነቅለው ይያዙ። ሪሞቱን ጠቅ አድርጎ ዞሮ መሄድም አይበቃም፤ እጀታውን አንዴ ሳብ አድርጎ ማረጋገጥ ነው። ይህን ከሌቦቹ ተምረናል፤ ጥሩ መምህራን ናቸው፤ ክፍያቸው ግን ውድ ነው።

የውስጡን ቁልፍ ያስተማረችኝ ግን የቀድሞ ተማሪዬ ናት። አንድ ካፌ ተገናኝተን የክረምቱን ታሪኬን፣ በሩ እምቢ ያለኝን፣ ለማሳቅ ብዬ አወራሁላት። አልሳቀችም። “መምህር፣ እርስዎ ግማሽ ደቂቃ ነው የቆዩት” አለችኝ። ማታ ከሥራ ስትወጣ በስልክ የምትጠራው መኪና ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ነገረችኝ። መጀመሪያ ታርጋውን ከስልኳ ጋር ታመሳክራለች። በሩን ስትከፍት ጠርዙን ታያለች፤ ያቺ ማንሻ በየትኛው ጎን እንዳለች ታውቃለች። ከተቀመጠች በኋላ መኪናው ሳይነሳ “በደንብ አልተዘጋም መሰለኝ” ብላ ከውስጥ እንደገና ትከፍትና ትዘጋለች። ከተከፈተ ትሄዳለች። ካልተከፈተ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ከውጭ ከፍታ ትወርዳለች። “ሁሉም ሴት ጓደኞቼ ያውቁታል” አለች። እኔ ሃያ ዓመት ተምሳሌት ሳስተምር፣ በር ምንን ይወክላል፣ መስኮት ምንን ይወክላል እያልኩ ወረቀት ሳርም፣ ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ልጅ በርን እንዲህ እያነበበች ታድግ ነበር ማለት ነው።

ምክሯን ይዤ ሰሞኑን አንድ ማታ ከቦሌ ወደ አያት ልሄድ መኪና ጠራሁ። የመጣው ኤሌክትሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የቦሌ መንገድ የእነሱ ሆኗል። ድምፅ የለውም፤ እጀታም የለውም! እንደ ዓይነ ስውር በሩን ስዳብስ ሹፌሩ ከውስጥ የሆነ ነገር ነካና እጀታው ከጎኑ ብቅ አለልኝ። ገባሁ። ጠርዙን አየሁ። ከውስጥ የሚከፈተው በስዊች ነው።

“ስማ ልጄ” አልኩት፤ “ይኼ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ በሩ በምን ይከፈታል?”

“አይቋረጥም ጋሼ፣ አዲስ ነው።”

“ቢቋረጥስ?”

ዝም አለ። ሃያ ሁለትን አለፍን፣ መገናኛን አለፍን። ጉርድ ሾላ ስንደርስ “መመሪያው በቻይንኛ ነው” አለኝ፤ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። ሲኤምሲ ጋ ጥግ ይዞ አቆመ። የስልኩን መብራት አብርቶ የራሱን በር መፈተሽ ጀመረ፤ እኔም የኋላውን። የፊቱን ቶሎ አገኘው፤ ከስዊቹ በታች የተደበቀች በእጅ የምትሳብ ማንሻ ነበረች። የኋላውን ግን ቆየን። በመጨረሻ ከበሩ ኪስ ግርጌ፣ ምንጣፍ መሳይ ነገር ከፍ ሲደረግ፣ የሽቦ ቀለበት ወጣች። ሳብኳት። በሩ ተከፈተ፤ የሲኤምሲ ብርድ ገባ።

“ይኼን እኮ ለሚስቴም አላሳየኋትም” አለ ሹፌሩ። “እስቲ ይዝጉትና አንዴ ድገሙልኝ፤ ቪዲዮ ልቅረጸው።”